ስልኩ ትክክል ከነበረ ለምን ተሸነፍኩ?

በባሕር ዳር ለወጣት የቼዝ ተጫዋቾች፣ ለወላጆቻቸውና ለአሠልጣኞች በተዘጋጀ የቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ መምህራንና አሠልጣኞች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰሌዳችሁን በብብታችሁ ሸጉጣችሁ የመጣችሁ ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ? እንኳን ደኅና መጣችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ለቤትም ለገበያም የሚፈለግ ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያንን ሁሉ ትታችሁ በዚህ በጣና ዳር ስለ ቼዝ ለመነጋገር በመሰብሰባችሁ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላልና ጉዳዬን ከሥሩ ልጀምር። የቼዝ ኢንጂን፣ ማለትም በስልካችንና በኮምፒውተራችን ውስጥ ያለው የቼዝ ፕሮግራም፣ «ከሁሉ የሚሻለው እርምጃ ይህ ነው» ሲለን እንመነው ወይስ አንመነው? ይህን ጥያቄ ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ያመጣችው አንዲት ተማሪዬ ናት፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የእርሷን ነገር እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በትምህርት ቤቶች መካከል ለሚደረግ ውድድር አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አዘጋጅ ነበር። በሁለተኛው ዙር የምትገጥመው ልጅ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መክፈቻ እንደሚጫወት እናውቅ ስለነበር፣ ማታ ስልኬን ከፍቼ ያንን መክፈቻ ለኢንጂኑ አቀረብሁለት። በ11ኛው እርምጃ ላይ ኢንጂኑ ፈረስን መሥዋዕት ማድረግ ይሻላል አለ፤ ከሰሌዳው ጎን የሚታየው፣ ማን በምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳየው ቁጥርም ወደ 1.8 ከፍ አለ። በጣም ደስ አለኝ። እርምጃዎቹን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ሰጠኋት፤ እርሷም እስከ 14ኛው እርምጃ ድረስ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ያዘችው።

በውድድሩ ዕለት ከተመልካቾች ጋር ቆሜ አያት ነበር። ፈረሷን ያለ ማመንታት ሰጠች፤ እርምጃውንም በዚያች ደቃቅ ጽሕፈቷ መዘገበች። 14ኛው እርምጃ ላይ ግን ባላጋራዋ እኛ ያልጠበቅነውን አንድ ወታደር ወደ ፊት ገፋ። እጇ ወደ ሰሌዳው ሄዶ ከንግሥቷ በላይ አየር ላይ ቆመ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። ሃያ ደቂቃ ያህል አሰበች። በመጨረሻ ንግሥቷን አንቀሳቀሰች፤ ከዚያ በኋላ የፈረሷን ዋጋ ሳታገኝ በ23ኛው እርምጃ እጅ ሰጠች።

ስትወጣ አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ ስልኩ ትክክል ነበር?» ብቻ አለችኝ። ማታ አይቼ እነግርሻለሁ አልኋት። በዚያች ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስለነበር በጨለማ ውስጥ የስልኩን ብርሃን ብቻ ይዤ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ሰደርሁት። ኢንጂኑ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? የባላጋራዋ ወታደር ስሕተት ነበር፤ የእርሷ ብልጫ እንዲያውም ወደ 2.6 ከፍ ብሎ ነበር። የሚያስፈልጋት አንድ እርምጃ ብቻ ነበር፤ ምንም ሳትበላ፣ ኪሽ ብላ የባላጋራዋን ንጉሥ ሳታስፈራራ፣ ንጉሧን አንድ ቤት ወደ ጥጉ መለስ ማድረግ። ጠዋት ይህንን ነገርኋት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ስልኩ ትክክል ከነበረ ለምን ተሸነፍኩ?» አለችኝ።

በዚያ ቀን መልስ አልነበረኝም። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ግን ወዲያውኑ ገባኝ። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ለዚያች ልጅ ጥያቄ የማቀርበው መልስ ነው፤ በሦስት ነጥብም አቀርበዋለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ ኢንጂኑ ከእኛ እጅግ የሚበልጥ መሆኑ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ምክንያቱም ክርክሩ ካለቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጋሪ ካስፓሮቭ ዲፕ ብሉ የተባለውን የአይቢኤም ኮምፒውተር 4 ለ 2 አሸነፈ፤ በ1997 ግን በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል አሰላለፎችን የሚመረምረው ያው ማሽን ተሻሽሎ መጥቶ 3.5 ለ 2.5 ረታው። በ2006 ሌላው የዓለም ሻምፒዮን ቭላድሚር ክራምኒክ ቦን ከተማ ላይ ዲፕ ፍሪትዝ የተባለውን ፕሮግራም ሲገጥም በሁለተኛው ጨዋታ ንግሥቱን አንቀሳቅሶ በአንድ እርምጃ ቼክሜት ሆነ። ልብ በሉ፤ በአንድ እርምጃ! የዓለም ሻምፒዮን! የደከመ ሰው ዓይን እንዲህ ያደርጋል፤ ማሽኑ ግን አይደክመውም። ኖርዌያዊው ማግኑስ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ2014 የደረሰበት 2882 የተጫዋቾች ደረጃ ነጥብ ማንም ሰው ደርሶበት የማያውቅ ከፍታ ሲሆን፣ ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስቶክፊሽ የተባለው ኢንጂን ግን ከዚያም በብዙ ይርቃል። ስለዚህ «እኔ በራሴ ጭንቅላት ብቻ ነው የምጫወተው፣ ማሽን አላምንም» የሚል ወጣት ካለ፣ ወንድሜ፣ ያ ኩራት ነው እንጂ ጥናት አይደለም። ኢንጂኑ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» ሲልህ አብዛኛውን ጊዜ ተሳስተሃል።

ሁለተኛው ነጥብ ቁጥሩን ይመለከታል፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ነው። ያ ከሰሌዳው ጎን የሚታየው ቁጥር ምንድን ነው? 1.8 ሲል ምን ማለቱ ነው? እውነት ነው? ፍርድ ነው? ወይስ ግምት?

ግምት ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ በቼዝ ሊደረጉ የሚችሉ ጨዋታዎች ብዛት ከ1 ቀጥሎ 120 ዜሮ ተጽፎ እንደሚገለጽ አስልቶ ነበር። ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻው የሚያይ ማሽን የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ስለዚህ ኢንጂኑ የቻለውን ያህል እርምጃ ወደ ፊት ያያል፤ ከዚያ ይቆማል፤ በቆመበት ቦታ ላይ ያለውን አሰላለፍ መዝኖ ቁጥር ይሰጣል። በዱሮው ዘመን የሚመዝነው ሰዎች በጻፉለት ደንብ ነበር፤ ስቶክፊሽ ከ2020 ጀምሮ የሚመዝነው ከብዙ ሚሊዮን አሰላለፎች በተማረ ኒውራል ኔትወርክ፣ ማለትም ከምሳሌዎች እየተማረ በሚሠራ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ማየቱን ካቆመበት ወዲያ ያለው ግምት ነው።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? ኢንጂኑን አሥር ሰከንድ ያሠራው ሰውና አንድ ሰዓት ያሠራው ሰው የተለያየ መልስ ሊያገኙ ይችላሉ ማለት ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 ስዊዘርላንድ ውስጥ በብሪሳጎ ከተማ ክራምኒክና ሃንጋሪያዊው ፒተር ሌኮ ለዓለም ሻምፒዮንነት ተጋጠሙ። በስምንተኛው ጨዋታ ላይ ነጭ ይዞ የተጫወተው ክራምኒክ፣ ማርሻል በተባለው መክፈቻ፣ ቤቱ ከረዳቶቹ ጋር በኮምፒውተር ያዘጋጀውን መንገድ ይዞ መጣ። ንግሥቱን አሳልፎ ይሰጣል፤ በምትኩ ወታደሩ እስከ ጠርዝ ሄዶ ይነግሣል። በቤት ውስጥ ኮምፒውተሩ ነጭ ይሻላል ብሎ ነበር። ይሁን እንጂ በቂ ጊዜ አልተሰጠውም፤ ትንሽ ቢታገሡት ኖሮ ሐሳቡን ይለውጥ ነበር። ሌኮ ግን ሰሌዳው ላይ ተቀምጦ በራሱ ጭንቅላት አሰበ፤ አሰበ፤ የጥቁር ንግሥት የምትገባበትን ቤት አገኘ፤ ክራምኒክም በ32ኛው እርምጃ እጁን ሰጠ። ክራምኒክ ዘውዱን ያዳነው የመጨረሻውን 14ኛ ጨዋታ አሸንፎ ውጤቱን 7 ለ 7 በማድረጉ ብቻ ነው። እንግዲህ የዓለም ሻምፒዮን፣ ከነረዳቶቹ፣ ያልበሰለ ግምት ይዞ ወደ ሰሌዳው ከመጣ፣ እኔ በሌሊት በስልኬ ያየሁት 1.8 ምን ያህል የበሰለ ነበር?

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ዲፕማይንድ የተባለው ድርጅት የጨዋታውን ደንብ ብቻ ተነግሮት ከራሱ ጋር እየተጫወተ የተማረ አልፋዜሮ የሚባል ፕሮግራም አስተዋወቀ። ከስቶክፊሽ ጋር 100 ጨዋታ ተጫውቶ 28 አሸነፈ፤ 72 አቻ ወጣ፤ አንድም አልተሸነፈም። ለስቶክፊሽ የተሰጠው የማስታወሻ መጠን ያንሳል የሚል ክርክር መነሣቱን አውቃለሁ፤ ክርክሩም አግባብ ነበረው። ነገር ግን ጨዋታዎቹን ከፍታችሁ ብታዩአቸው፣ አልፋዜሮ ወታደሮችን እየሰጠ የባላጋራውን ጠጠሮች ሲያፍን፣ ያኛው «ምንም አልሆንሁም» እያለ ቀስ በቀስ ሲታነቅ ታያላችሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የዚያን ማሽን ቁጥር እንደ መጨረሻ ቃል እንቀበለው ነበር። ትናንት የመጨረሻ ቃል የነበረው ዛሬ ከተሻሻለ፣ የዛሬውስ ነገ አይሻሻልም?

በዚህ ነጥብ ላይ አንድ የተለየ ነገር ብቻ ልጨምር። በሰሌዳው ላይ ሁለቱንም ንጉሦች ጨምሮ ሰባት ወይም ከዚያ ያነሱ ጠጠሮች ሲቀሩ ነገሩ ግምት መሆኑ ይቀራል። እነዚያ አሰላለፎች ከማብቂያው ወደ ኋላ እየተቆጠሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትተዋል፤ ሊቼስ በተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ታገኟቸዋላችሁ። እዚያ «አቻ ነው» ካለ አቻ ነው። እዚያ ላይ ያለ ጥርጣሬ እመኑ።

ልጆቼ፣ አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልምጣ፤ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። የኢንጂኑ እርምጃ ለማን የተመከረ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ የወጣው ስቶክፊሽ 15.1 የቁጥሩን ትርጉም እንደገና ወስኖታል። ከዚያ ወዲህ 1.00 ሲል «ከዚህ አሰላለፍ ተነሥቼ ከራሴ ጋር ብጫወት የማሸነፍ ዕድሌ ግማሽ ነው» ማለቱ ነው። ከማን ጋር? ከራሱ ጋር! ጠጠሩን የሚያንቀሳቅሰው እርሱ፣ የሚመልሰውም እርሱ። በዚያ ቁጥር ውስጥ ባለ 14 ዓመቷ ልጅ የለችም። ሰዓቱ እየቆጠረባት፣ እጇ አየር ላይ ቆማ፣ ንጉሧን ወደ ጥግ መመለስ እንዳለባት ማን ይንገራት? ኢንጂኑ ፈረሱን ስጪ ሲላት በልቡ «ቀጥሎ የሚመጣውን እኔ እጫወተዋለሁ» እያለ ነበር። የሚጫወተው ግን እርሱ አልነበረም።

ይህን ነገር የተረዳሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከዚሁ ከሐይቁ ነው። ልጅ ሳለሁ አጎቴ ከዘጌ እንጨት በታንኳ እያመጣ ባሕር ዳር ይሸጥ ነበር፤ አልፎ አልፎም ይዞኝ ይሄዳል። ታንኳን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከደንገል የሚታሰር ነው፤ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ጉዞው ሲያልቅ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ለነገ አያገለግልም። አንድ ቀን ማለዳ ስንነሣ አንድ የሞተር ጀልባ አጠገባችን አልፎ ሐይቁን በቀጥታ አቋርጦ ሄደ። እኛ የምዕራቡን ዳርቻ ተከትለን፣ በየጎድጓዳው እየዞርን፣ ያን ጊዜ ለእኔ ማለቂያ የሌለው በመሰለኝ መንገድ እንሄድ ነበር። «አጎቴ፣ ለምን እንደ እነርሱ በቀጥታ አንሄድም? ያኛው አያጥርም?» አልሁት። መቅዘፊያውን ሳያቆም «ያጥራል። ለእነርሱ ያጥራል። ነፋሱ ሲነሣ እነርሱ ደርሰዋል፤ እኛ ግን መኻሉ ላይ ነን» አለኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ያን ጊዜ እኛ ታንኳውን አውጥተን እንጨቱን አራግፈን ነበር፤ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ነጭ አረፋ ለብሶ ተመለከትሁት።

የጀልባው መንገድ ስሕተት ነበርን? አልነበረም። የአጎቴስ? እርሱም አልነበረም። በሁለቱ መንገድ መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነው ሐይቁ ሳይሆን የምትሄድበት ነገር ነው። ኢንጂኑ በጠባብ መንገድ፣ በየእርምጃው አንድ ብቻ ትክክለኛ መልስ ባለበት ገደል ጫፍ ላይ፣ ሳይወድቅ 20 እርምጃ መሄድ ይችላል። ሁለተኛ ብሎ የሚያስቀምጠው፣ ቁጥሩ 0.4 ብቻ ያነሰው እርምጃ ደግሞ ጠጠሮቻችን ተደጋግፈው የሚቆሙበት፣ ብንሳሳት እንኳ የማንወድቅበት ሊሆን ይችላል። ለዚያች ልጅ ያን ሌሊት መምረጥ የነበረብኝ ያንን ሁለተኛውን ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ታዲያ ኢንጂኑን ምን እናድርገው? እንጣለው? በፍጹም! አሠልጣኝ በሌለበት ወረዳ፣ የቼዝ መጽሐፍ በማይገኝበት ቀበሌ ያለ ልጅ ዛሬ ከዓለም ሻምፒዮን በላይ የሚያውቅ አስተማሪ በእጁ ይዟል፤ እኔ በእናንተ ዕድሜ አንድ ግንቡ ጠፍቶ በቆርኪ የተተካ ሰሌዳ ላይ ስማር ይህን ባገኝ ምን እሆን ነበር? የምለምናችሁ አጠቃቀማችሁን እንድትለውጡ ነው።

ጨዋታችሁ ካለቀ በኋላ ኢንጂኑን ከመክፈታችሁ በፊት ጨዋታውን በራሳችሁ መርምሩት። የት እንደተሳሳታችሁ፣ የት እንደፈራችሁ፣ ምን እንዳሰባችሁ በእርሳስ ጻፉ። ይህ ሳይደረግ ኢንጂኑ ከተከፈተ፣ ዓይናችሁ ቁጥሩን አይቶ አእምሮአችሁ ያርፋል፤ ያረፈ አእምሮ ደግሞ ምንም አይማርም። ከዚያ በኋላ ክፈቱት። «እዚህ ላይ ስሕተት ነው» ሲላችሁ ቦታውን እመኑት፤ ያቀረበውን መፍትሔ ግን ጠይቁት። እንዴት ይጠየቃል? እናንተ ያሰባችሁትን እርምጃ በግድ አጫውቱትና ምን ብሎ እንደሚቀጣችሁ ተመልከቱ። ቅጣቱን ስታዩ ምክንያቱን ታገኛላችሁ። ምክንያቱን በአማርኛ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ለታናሽ ወንድማችሁ መንገር ካልቻላችሁ ያ እርምጃ ገና የእናንተ አይደለም፤ በውድድር ላይም አትጫወቱት።

እዚህ ላይ አያቴ ትዝ ይሉኛል። እርሳቸው የሚጫወቱት የቀድሞውን የአገራችንን ሰንጠረዥ ነበር። በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል አለ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ እንደ ፈቀዱ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ ጠጠሩን ያሰልፋል። እኔ ልጅ ስለነበርሁ እጄ ይፈጥን ነበር። አያቴ ግን በመኻል እጄን ይይዙና «ይህን ለምን እዚህ አቆምኸው?» ይሉኛል። መልስ ከሌለኝ ጠጠሩን አንሥተው በቦታው ይመልሱታል። ጥሩ ቦታ ቢሆንም እንኳ ይመልሱታል! ያን ጊዜ ይከፋኝ ነበር። አሁን ኢንጂን ይዤ ከተማሪዎቼ ጋር ስቀመጥ የማደርገው ያንኑ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ አጭር ቃል አለኝ። ልጃችሁ ከውድድር ሲመለስ «ስልኩ ስንት በመቶ ትክክል ነህ አለህ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ምን አስበህ ነበር?» በሉት። በውድድር አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ስልክ ይዞ መገኘት እንደ ሕጉ ጨዋታን ሊያሳጣ የሚችል ጥፋት መሆኑን ንገሯቸው፤ በኢንተርኔት በሚደረግ ጨዋታም በስውር ኢንጂን መክፈት ስርቆት ነው፤ በዚህ ላይ ለስለስ ማለት አይገባንም።

ንግግሬን እዚህ ላይ ገታ አድርጌ ወደ ሥራ እንግባ። አሁን በትልቁ ሰሌዳ ላይ አንድ አሰላለፍ እደረድራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 ስፔን ውስጥ በሊናሬስ ቬሴሊን ቶፓሎቭና አሌክሲ ሺሮቭ ከተጫወቱት የተወሰደ ነው። የነጭ ንጉሥ ጂ 1፣ ጳጳሱ ሲ 3፣ ወታደሮቹ ጂ 2 እና ኤች 4 ላይ ናቸው። የጥቁር ንጉሥ ኢ 6፣ ጳጳሱ ኤፍ 5፣ ወታደሮቹ ኤ 4፣ ዲ 5፣ ኤፍ 6 እና ጂ 6 ላይ ናቸው። ጠጠሮቹን ቁጠሩ፤ አሥር ናቸው፤ ስለዚህ ያ የተፈታው መዝገብ አይደርስበትም። ጳጳሶቹ በተለያየ ቀለም ላይ የሚሄዱ በመሆናቸው ብዙ ሰው አቻ ነው ብሎ ይተወዋል። ተራው የጥቁር ነው። ሺሮቭ እዚህ ላይ ያገኘውን እርምጃ ኢንጂኖች ለብዙ ዓመታት ሊያገኙት አልቻሉም ነበር፤ እርሱ ግን ሰሌዳው ላይ ተቀምጦ አገኘው።

አንድ ነገር ብቻ እነግራችኋለሁ፤ የጥቁር ንጉሥ ኢ 4 ላይ መድረስ ይፈልጋል፤ መንገዱ በኤፍ 5 በኩል ነው፤ እዚያ ላይ የቆመው ደግሞ የራሱ ጳጳስ ነው። የነጭ ንጉሥ ቀድሞ እንዳይደርስ፣ ጳጳሱ ከዚያ ሲነሣ ጊዜ ሳያባክን የት ይሂድ?

ስልኮቻችሁን በዚህ ቅርጫት ውስጥ አድርጉልኝ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። ሃያ ደቂቃ አላችሁ፤ መልሱን ሳይሆን ምክንያቱን ጻፉልኝ።